«ብሉ»ን ያሳደዱ ማሽኖች

ከኒውዮርክ ከተማ በስተሰሜን ዮርክታውን ሃይትስ የሚባል ጸጥ ያለ ሰፈር አለ። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ፣ እዚያ ባለው የአይቢኤም የምርምር ማዕከል፣ በፍሬድ ጄሊኔክ የሚመራ ቡድን ማሽን የሰው ንግግር ሰምቶ እንዲጽፍ ለማድረግ ይደክም ነበር። የድካሙ ውጤት የሚለካው በቀላል ቆጠራ ነው፤ ማሽኑ ከ100 ቃል ስንቱን ሳተ? ሲሠለጥን ግን ማንም ስሕተቱን አይቆጥርለትም። ለተቀዳው ድምፅ በተቻለ መጠን ከፍ ያለ ዕድል እንዲሰጥ ብቻ ነው የሚታዘዘው። ሁለቱ ነገሮች ይዛመዳሉ፤ አንዱ ሲሻሻል ብዙ ጊዜ ሌላውም ይሻሻላል። ብዙ ጊዜ ማለት ግን ሁልጊዜ ማለት አይደለም።

በ1986 ከዚያው ቡድን አራት ሰዎች፣ ላሊት ባህል፣ ፒተር ብራውን፣ ፒተር ደ ሱዛና ሮበርት መርሰር፣ ሌላ አሠለጣጠን ይዘው ቀረቡ። ትክክለኛው ቃል ከፍ ያለ ዕድል ማግኘቱ ብቻ አይበቃም፤ ከተፎካካሪዎቹ ቃላት ጎልቶ መውጣት አለበት አሉ። ስሕተቱ ቀነሰ። ይህም ቢሆን ግን ስሕተቱን ራሱን ማሠልጠኛ አላደረጉትም፤ ጠጋ አሉት እንጂ አልነኩትም።

ያልነኩት አስቸጋሪ ስለሆነ ነው። ማሽን የሚማረው ተዳፋት እየዳሰሰ ነው። በድቅድቅ ጨለማ ከተራራ የሚወርድ ሰው እግሩን ዘርግቶ መሬቱ ወዴት እንደሚያዘቀዝቅ ይዳስሳል፣ አንድ እርምጃ ይወርዳል፣ ደግሞ ይዳስሳል። የስሕተት ቆጠራ ግን ተዳፋት የለውም፤ ደረጃ ነው። ከሞዴሉ ቁጥሮች አንዱን በጥቂቱ ብትነካካው ማሽኑ የሚጽፈው ቃል አይለወጥም፤ ስሕተቱ 14 ነበር፣ አሁንም 14 ነው። ትንሽ ስትጨምርበት ድንገት 13 ወይም 15 ይሆናል። እግሩን የዘረጋው ሰው በየአቅጣጫው የሚያገኘው ሜዳ ብቻ ነው፤ የቱ ጋ ደረጃው እንደሚያበቃ የሚነግረው የለም። ስለዚህ ለብዙ ዓመታት ባለሙያዎቹ የሚፈልጉትን ትተው ተዳፋት ያለውን ዘመዱን አሠለጠኑ።

ያው የአይቢኤም ቡድን ብዙም ሳይቆይ ወደ ትርጉም ዞረ። የካናዳ ፓርላማ ቃለ ጉባኤ በእንግሊዝኛም በፈረንሳይኛም ይታተማል። ብራውን፣ መርሰርና ባልደረቦቻቸው ይህን ክምር ለማሽኑ ሰጥተው የትኛው ቃል የትኛውን እንደሚተካ ከቁጥር ብቻ እንዲማር አደረጉት። ሙሉውን ቀመር ያሳተሙት በ1993 ነው። በዚያው ዓመት ብራውንና መርሰር ማዕከሉን ለቀው በሒሳብ ወደሚነግድ የኢንቨስትመንት ድርጅት ሄዱና ከበሩ፤ እሱ የሌላ ጊዜ ወሬ ነው። ለእኛ ታሪክ የሚሆነው ሌላ ነገር ነው። የንግግር ማሽን ቢያንስ ስሕተቱ ይቆጠራል። ትርጉምን ምኑን ትቆጥረዋለህ? አንዱን ዓረፍተ ነገር አምስት ተርጓሚ አምስት ዓይነት አድርጎ ይጽፈዋል፤ አምስቱም ልክ ሊሆኑ ይችላሉ። ማሽን ተሻሻለ አልተሻሻለም ለማለት ሁለት ቋንቋ የሚያውቅ ሰው ተቀምጦ ማንበብ ነበረበት። ይህ ደግሞ ሳምንታት ይፈጃል፣ ገንዘብ ይበላል፤ ነገ ሞዴሉ ሲቀየር እንደገና ከሀ ይጀመራል።

የዚህ ችግር መላ የተገኘውም ከአይቢኤም ነው። ኪሾር ፓፒኔኒ፣ ሳሊም ሩኮስ፣ ቶድ ዋርድና ዌይ-ጂንግ ዡ በሐምሌ 2002 ፊላደልፊያ ላይ ባቀረቡት ጽሑፍ አንድ መለኪያ አስተዋወቁ። ስሙን ከአራት የእንግሊዝኛ ፊደላት ገጣጥመው «ብሉ» አሉት። ለአማርኛ ጆሮ የማዕድ ጥሪ ይመስላል፤ የመጨረሻው ፊደል ግን የመጣው ከቲያትር ቤት ነው። ዋናው ተዋናይ ሲታመም ቦታውን ሸፍኖ የሚጫወተውን ተጠባባቂ ተዋናይ የሚያመለክት ቃል ነው። ዋናው ተዋናይ ሰው ነው፣ አንባቢው፤ ብሉ እሱ በሌለ ጊዜ የሚተካው ተጠባባቂ። ደራሲዎቹ ስሙን ሲመርጡ ድንበሩን አብረው አስምረው ነበር ማለት ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። የማሽኑን ትርጉም ሰው ከተረጎመው አጠገብ ታስቀምጣለህ። ከማሽኑ ቃላት ስንቶቹ ሰውየው ከጻፈው ውስጥ አሉ? ከዚያ ጥንድ ጥንዱን፣ ሦስት ሦስቱን፣ አራት አራቱን ተከታታይ ቃላት እንደዚሁ ትቆጥራለህ። አራቱን ድርሻ አባዝተህ አራተኛ ሥሩን ትወስዳለህ፤ ትርጉሙ ከሚገባው በላይ ካጠረም ቅጣት አለው። ሰነፍ ማሽን እንዳያጭበረብርም አስበውበታል። በጽሑፉ ውስጥ በእንግሊዝኛ በጣም የተለመደችውን አንዲት ቃል፣ «ዘ»ን፣ ሰባት ጊዜ ደጋግሞ ከመጻፍ በቀር ምንም ያልሠራ ትርጉም በምሳሌነት ቀርቧል። ተራ ቆጠራ ሰባቱንም ልክ ይላቸዋል፤ የእነሱ ቆጠራ ግን ሰውየው ከጻፈው ቁጥር በላይ አይቀበልም። ከቻይንኛ ወደ እንግሊዝኛ የተተረጎሙ 500 ዓረፍተ ነገሮችን ይዘው፣ ሦስት ማሽንና ሁለት ሰው ተርጓሚዎችን አወዳድረው፣ የብሉን ነጥብ እንግሊዝኛ ብቻ ከሚችሉ 10 ሰዎች ዳኝነት ጋር ሲያነጻጽሩት መጣጣሙ 0.99 ሆነ። አምስት ተወዳዳሪ ብቻ ነው እርግጥ። ቢሆንም ቁጥሩ ሁሉን አፍ አስያዘ። የአሜሪካ የመለኪያዎች ተቋም ወዲያው ለሚያካሂደው የማሽን ትርጉም ውድድር ሚዛን አደረገው።

ፍራንዝ ዮሴፍ ኦኽ የመጣው በዚህ ጊዜ ነው። ጀርመናዊ ነው፤ አኸን ከተማ ውስጥ በኸርማን ናይ ሥር የተማረና የዶክትሬቱን ጽሑፍ ገና የጨረሰ። በ2003 ካሊፎርኒያ ውስጥ ማሪና ዴል ሬይ ባለው የሳውዘርን ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የምርምር ተቋም ይሠራ ነበር። የዚያን ጊዜ ተርጓሚ ማሽን ብዙ ክፍሎች አሉት፤ አንዱ ቃሉ ከቃሉ መግጠሙን፣ አንዱ እንግሊዝኛው ማማሩን፣ አንዱ ርዝመቱን ይመዝናል። የእያንዳንዱ ክፍል ድምፅ ምን ያህል ይደመጥ የሚለውን የሚወስኑ ጥቂት ማዞሪያዎች አሉ፤ ከደርዘን እምብዛም አያልፉም። ኦኽ ጥያቄውን ፊት ለፊት አነሣው። በብሉ የምንመዘን ከሆነ ማዞሪያዎቹን ለምን በብሉ አናስተካክላቸውም?

ጃፓን ሳፖሮ ላይ በዚያ ዓመት ያቀረበው መልስ እስከ ዛሬ ከማደንቃቸው ብልሃቶች አንዱ ነው፤ ስለዚህ ትንሽ ልቆይበት። ማሽኑ ለእያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር በመቶ የሚቆጠሩ እጩ ትርጉሞችን ያወጣል እንበል። አንዱን ማዞሪያ ብቻ ይዘህ ሌሎቹን አስረህ ስታዞር የእያንዳንዱ እጩ ድምር ነጥብ ቀጥ ባለ መስመር ይወጣል ወይም ይወርዳል። በማንኛውም ቦታ የሚያሸንፈው ከላይ ያለው መስመር ነው። አሸናፊው የሚለወጠው ሁለት መስመሮች በሚቋረጡበት ነጥብ ብቻ ነው፤ በሁለት መቋረጫዎች መካከል ማዞሪያውን የፈለግህበት ብታቆመው ያው ትርጉም ያሸንፋል። መቋረጫዎቹ ደግሞ በትምህርት ቤት አልጀብራ የሚሰሉ ናቸው። ኦኽ የሁሉንም ዓረፍተ ነገሮች መቋረጫዎች በአንድ መስመር ላይ ደረደራቸው። ከዚያ ከግራ ወደ ቀኝ እየሄደ፣ በየመቋረጫው አሸናፊ ሲለወጥ ቆጠራውን እየደመረና እየቀነሰ፣ ብሉ ከፍ ያለበትን ክልል መረጠ። ወደ ቀጣዩ ማዞሪያ አለፈ። ያ ሁሉን ሲያስቸግር የኖረ ደረጃ፣ ያ ሜዳ፣ መድኃኒት ሆኖ አረፈው። መሬቱ በደረጃዎቹ መካከል ሜዳ መሆኑን ካወቅህ በየስንዝሩ መዳሰስ አያስፈልግህም፤ የየደረጃውን ጠርዝ መቁጠር ይበቃሃል።

ውጤቱን ያሳየበት ሠንጠረዥ አሁን ተመልሼ ሳየው ትንቢት ይመስለኛል። ማሽኑን በተለያዩ መለኪያዎች እያፈራረቀ አሠለጠነው፤ በብሉ፣ በሌላ ተመሳሳይ መለኪያ፣ በቃል ስሕተት። በአብዛኛው በብሉ የሠለጠነው በብሉ ይበልጣል፣ በስሕተት ቆጠራ የሠለጠነው በስሕተት ቆጠራ። ማሽኑ የታዘዘውን ሠርቷል።

ዘዴው በአንድ ሁለት ዓመት ውስጥ በየላብራቶሪው ገባ። ኦኽ በ2004 ጉግልን ተቀላቀለ፤ በ2005 የጉግል ማሽን በአሜሪካው ውድድር ከአረብኛና ከቻይንኛ ወደ እንግሊዝኛ በብሉ አንደኛ ወጣ፤ በ2006 የጉግል የራሱ ስታቲስቲካዊ ተርጓሚ በአረብኛ ለሕዝብ ተከፈተ።

በዚያው ሰሞን ከትርጉም ውጭ ያሉትም ያንኑ ጥያቄ ያነሡ ነበር። ከ1,000 ሰነድ የሚፈለጉት 10 ብቻ ቢሆኑ፣ ሁሉንም «አይፈለግም» የሚል ማሽን ያለ ምንም ሥራ 99 በመቶ ያገኛል። በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ቶርስተን ዮአኪምስ በ2005 ቦን ላይ ያሳየው፣ ስሕተትን በየሰነዱ ከመቁጠር ይልቅ መላውን ክምር እንደ አንድ ጥያቄ ወስዶ የተፈለገውን መለኪያ ቀጥታ ማሠልጠን እንደሚቻል ነው። ማይክሮሶፍት ውስጥ ደግሞ ክሪስ በርጅስና ጓደኞቹ ለፍለጋ ውጤቶች አሰላለፍ የበለጠ ድፍረት ያለበት መንገድ ያዙ። መለኪያው ተዳፋት ከሌለው ተዳፋቱን ራሳችን እንጻፍለት አሉ፤ ሁለት ገጾች ቦታ ቢለዋወጡ ነጥቡ ምን ያህል እንደሚለወጥ አስልተው ያንን እንደ ግፊት ተጠቀሙበት። ሒሳብ አዋቂዎቹን ቅር ያሰኘ ነበር፤ ግን ሠራ።

ወደ ትርጉሙ እንመለስ። በ2006 ክሪስ ካሊሰን-በርች፣ ማይልስ ኦዝቦርንና ፊሊፕ ኬን፣ ሦስቱም ከኤደንብራ ዩኒቨርሲቲ፣ ብሉ ላይ ጥያቄ አነሡ። ከአንድ ትርጉም ውስጥ ተከታታይ ቃላቱ የተሰበሩበትን ቦታ ለይተህ ቁርጥራጮቹን እንዳሻህ ብታገላብጣቸው ነጥቡ አይወርድም፤ ትርጉም አልባ የሆነውም ያንኑ ያገኛል። ይባስ ብሎ በ2005ቱ የአረብኛ ውድድር ሰዎች አንደኛ ያሉት ሥራ በብሉ ስድስተኛ ነበር። ያ ሥራ እንግሊዝኛ የሚችሉ ሰዎች የማሽን ውጤት አንብበው ያቃኑት ነው። ሰው የነካው ትርጉም በተጠባባቂው ዳኛ ፊት ወደቀ።

ብዙም የሰማቸው አልነበረም ብል አላጋነንኩም። ብሉ ርካሽ ነው፣ በሰከንድ ይሰላል፣ ሁሉም ይጠቀምበት ነበር። ቀጣዮቹ ዓመታት የማዞሪያ ዓመታት ነበሩ። የኦኽ ዘዴ ከጥቂት ማዞሪያዎች በላይ አይሸከምም፤ ዴቪድ ቺያንግና ባልደረቦቹ በ2009 በሌላ መንገድ ከ11,000 በላይ አዳዲስ መመዘኛዎችን አስተካክለው ብሉን ከፍ አደረጉ። ሌሎች ደግሞ ያው ማሽን በያው መረጃ ደግሞ ሲሠለጥን ነጥቡ እንደሚዋዥቅ አሳዩ። ስለዚህም የብዙ ሰው «ማሻሻያ» ዕጣ ሊሆን ይችላል።

በ2014 ሁሉም እንደገና ተጀመረ። የነርቭ አውታር ተርጓሚዎች መጡ፤ ማዞሪያቸው ደርዘን ሳይሆን በመቶ ሚሊዮን ነው፤ የኦኽ መስመር ቆጠራ አይታሰብም። አሠለጣጠናቸው ደግሞ ወደ አይቢኤም ዘመን የተመለሰ ነበር፤ ቀጣዩን ቃል ገምት፣ ለትክክለኛው ቃል ከፍ ያለ ዕድል ስጥ። አሮጌው ክፍተት አብሮ ተመለሰ። በ2015 መጨረሻ የፌስቡኩ ማርክ አውሬሊዮ ራንዛቶና ሦስት ባልደረቦቹ ከቦስተኑ ሮናልድ ዊሊያምስ የ1992 ጽሑፍ አንድ ዘዴ አውጥተው አቧራውን አራገፉለት። ተዳፋት አትፈልግ። ማሽኑ ዕጣ እያወጣ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ይጻፍ፤ ነጥቡን አይተህ ጥሩ ከሆነ እነዚያን ምርጫዎች አበረታታ፣ መጥፎ ከሆነ ተስፋ አስቆርጥ። ውሻ በዳቦ እንደሚገራው ማለት ነው። መለኪያው ደረጃ ይሁን ሜዳ ግድ የለውም፤ ቁጥር ይስጥ ብቻ።

በየካቲት 2016 ጉግል 13 ቋንቋዎችን ወደ ተርጓሚው ጨመረ፤ አንዱ አማርኛ ነበር። ብሉ ወደ አማርኛ ሲመጣ ምን እንደሚገጥመው ለማየት ኮምፒውተር አያስፈልግም፤ ወረቀትና እርሳስ ይበቃል። ሰው «ልጁ ወደ ቤት ሄደ» ብሎ ተረጎመ እንበል። ማሽኑ «ልጁ ወደ ቤቱ ሄደ» አለ። ከአራቱ ቃላት ሦስቱ ገጠሙ። ከሦስቱ ጥንዶች አንዱ ብቻ፣ «ልጁ ወደ»። ሦስት ሦስት ቃል ሲቆጠር ዜሮ፤ አራት አራት ሲቆጠር ዜሮ። ሲባዛ ዜሮ። በአንዲት ፊደል። «ዓለም» እና «አለም»፣ «ሀገር» እና «አገር» ደግሞ ለብሉ የማይተዋወቁ ቃላት ናቸው። እርግጥ ብሉ የሚሰላው በብዙ ዓረፍተ ነገሮች ድምር ላይ እንጂ በአንድ ላይ አይደለም፤ በድምሩ ላይ ግን ይህ ሁሉ ይጠራቀማል።

በመስከረም 2016 ጉግል ስለ አዲሱ የነርቭ ተርጓሚው ረጅም ዘገባ አወጣ። በውስጡ አንድ ክፍል አለ፤ ብዙ ሰው አልፎት የሚሄድ። ከእንግሊዝኛ ወደ ፈረንሳይኛ የሚተረጉሙትን ማሽኖች በተለመደው መንገድ አሠልጥነው፣ ከዚያ በሽልማት ዘዴው ብሉን በሚመስል መለኪያ እንደገና አሹዋቸው። ብሉ ራሱን ያልተጠቀሙበት በአንድ ዓረፍተ ነገር ላይ እንደማይሆን ስላወቁ ነው። የተጣመሩት ማሽኖች ብሉ ከ40.35 ወደ 41.16 ወጣ። በዚያ ዘመን ለዚህች ልዩነት ሰው ወራት ይሠራ ነበር። ከዚያ 500 ዓረፍተ ነገሮች ለሰዎች ሰጥተው ከ0 እስከ 6 አስመዘኗቸው። ያልታሸው 4.46 አገኘ፤ የታሸው 4.44። ሰው ተርጓሚ 4.82 ነው። ብሉ ያየውን ሰዎቹ አላዩትም። ጸሐፊዎቹ አልደበቁትም፤ ለእውነተኛው አገልግሎት በሞከሩት ማሽን ላይ ይህን እሽት እንዳልተጠቀሙበት ጽፈዋል።

በቀጣዩ ዓመት በሴልስፎርስ ኩባንያ ሮማን ፖሉስና ባልደረቦቹ ዜና በሚያሳጥር ማሽን ላይ የባሰውን አሳዩ። ቃል በሚቆጥር የማሳጠሪያ መለኪያ ብቻ የሠለጠነው በመለኪያው አንደኛ ሆነ፤ 41.16 ለ38.30። የተነባቢነቱን ነገር ሰዎች ከ10 ሲሰጡት ግን ከ6.76 ወደ 4.18 ወረደ። ማሳጠሪያዎቹ መጨረሻቸው ላይ ዓረፍተ ነገሩን ይቆርጡታል፤ ወሬው መሐል ላይ ይቀራል። ለምን አይቆርጡት? የሚያስቆጥሩት ቃላት ካለቁ ዓረፍተ ነገሩን መጨረስ ነጥብ አያስገኝም። ሁለቱን አሠለጣጠኖች ቀላቅለው ነው ተነባቢነቱን 7.04 ያደረሱት።

በ2020 ኦፕንኤአይ ሌላ ተጠባባቂ አመጣ። ማሳጠሪያዎችን ጥንድ ጥንድ አድርጎ ለሰዎች እያሳየ የቱ ይሻላል ብሎ ጠየቀ፤ በምርጫዎቹ ላይ ሌላ ሞዴል አሠለጠነ፤ ያ ሞዴል ዳኛ ሆኖ ዋናውን ማሽን እንዲገራ አደረገ። ቃል ከሚቆጥሩት መለኪያዎች እጅግ ይሻላል። ግን እሱንም እስከ መጨረሻው ሲያሳድዱት ዳኛው እያጨበጨበ ሰዎቹ ፊታቸውን ያዞራሉ፤ ጽሑፉ ውስጥ ያለው መስመር ወጥቶ ወጥቶ ይወርዳል።

በ2022 ሐምሌ ሜታ 200 ቋንቋዎችን የሚተረጉም ማሽን አወጣ፤ አማርኛና ትግርኛ አሉበት። የቋንቋው ተናጋሪዎች አንብበው ነጥብ እንዲሰጡ አድርጓል። ከማሽን መለኪያዎቹ መካከል ደግሞ ማያ ፖፖቪች በ2015 ካስተዋወቀችው የተወለደ አለ፤ ቃል ብቻ ሳይሆን ፊደል የሚቆጥር፣ ከአንድ እስከ ስድስት ተከታታይ ፊደላት፣ አንድ አንድና ሁለት ሁለት ቃልም ይጨምርበታል። ቅጥያና ቅድመ ቅጥያ ለሚበዛበት ቋንቋ ከብሉ ይሻላል፤ «ቤቱ»ን ከ«ቤት» ጋር ሙሉ በሙሉ አያጣላውም። ያችን ዓረፍተ ነገር በዚህ መለኪያ በእርሳስ ቆጠርኳት። «ልጁ ወደ ቤት ሄደ» ለሚለው «ልጁ ወደ ቤቱ ሄደ» ያገኘው 48 ገደማ ነው፤ ከዜሮ ወደ 48። ከዚያ አንድ ሌላ ትርጉም ሞከርኩ፦ «ልጁ ወደ ቤት አልሄደም»። ፊደላቱ በሙሉ አሉ፣ «አል» እና «ም» ብቻ ተጨምረዋል። ሁለት ጊዜ ቆጠርኩት። 63።